ኮንቴ ካቩር፤ የጦር ርዳታን ለምክር ቤት ያቀረበ ሚኒስትር

ትልቅ መንግሥት ወታደሩን ወደ ሩቅ አገር ቢልክ ከሀብቱ ብዛት የተነሣ ኪሳራው ለጊዜው ላይታወቅ ይችላል። ታናሽ መንግሥት ግን ለወዳጁ ጦር ሲያዋጣ የዘር እህሉን ከጎተራው አውጥቶ እንደሚያበድር ገበሬ ነው፤ ብድሩ ቢመለስለት ይጠቀማል፥ ቢቀርበት ግን ለከርሞ የሚዘራው ያጣል። ስለዚህ የጦር ርዳታን ማን ይፍቀድ፥ ወጪውን ማን ይመርምር፥ የዘማቹስ ደም በከንቱ እንዳይፈስ ማን ይጠይቅ የሚለው ነገር በየዘመኑ መንግሥታትን ሲያሳስብ የኖረ ነው። ይህ ጥያቄ በራሳቸው ላይ ከደረሰባቸው ሰዎች አንዱ የሰርዴኛና የፒየሞንት መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ኮንቴ ካሚሎ ቤንሶ ዲ ካቩር ነው። የዚህ ሰው ታሪክ መልካሙም ጥፋቱም የሚያስተምር ስለ ሆነ ሁለቱን አስተባብሮ ማየት ይገባል።

ካቩር በአውሮፓ አቈጣጠር በ1810 ዓመት ኦገስት 10 ቀን በቶሪኖ ከተማ ተወለደ፤ ከዚህ በታች የሚነገረውም ዘመን በዚሁ አቈጣጠር ነው። በዚያን ጊዜ ፒየሞንት በናፖሊዮን ተይዛ ከፈረንሳይ ግዛት ጋራ ተቀላቅላ ነበር። አገሩን ይገዛ የነበረው መስፍን ካሚሎ ቦርጌዜ የክርስትና አባቱ፥ የመስፍኑ ሚስት የናፖሊዮን እኅት ፓውሊና የክርስትና እናቱ ሆኑ፤ ስሙም ከዚሁ መስፍን ስም ተወሰደ። አባቱ ማርኬዝ ሚኬሌ ከጥንታዊ የመኳንንት ቤት የተወለደ ሲሆን እናቱ አዴል ከጄኔቭ ከተማ ከፕሮቴስታንት ወገን ነበረች። በቤታቸው የሚነገረው ፈረንሳይኛ ስለ ነበረ፥ ኢጣልያን አንድ መንግሥት ለማድረግ የደከመው ይህ ሰው የኢጣልያንን ቋንቋ እስከ ዕድሜው መጨረሻ እንደ ልቡ አልተናገረውም።

ሁለተኛ ልጅ በመሆኑ የቤቱ ማዕርግ የታላቅ ወንድሙ ነበረ፤ ለእርሱ የቀረለት የወታደርነት መንገድ ነው። አሥር ዓመት ሲሆነው ወደ ቶሪኖ የጦር ትምህርት ቤት ገባ። ቈየት ብሎም አልጋ ወራሹን ካርሎ አልቤርቶን በእልፍኝ አሽከርነት እንዲያገለግል ተመርጦ ነበር፤ ነገር ግን ልብሱን እንደ ሎሌ ልብስ በመቍጠሩና ይህንንም ባለመደበቁ ከዚያ ሥራ ተሻረ። በ1826 በ16 ዓመቱ የመሐንዲስ ጦር መኰንን ሆኖ ወጣ። በሒሳብ ብልህ፥ ምላሱ ግን የማይታገሥ ነበረ። በ1830 በፓሪስ የተነሣውን የሕዝብ ለውጥ ማመስገኑ ስለ ተሰማበት በተራራ መካከል ወዳለው ወደ ባርድ ምሽግ ተላከ፤ በ1831ም ከውትድርና ተሰናበተ።

ከዚህ በኋላ ያሉትን ብዙ ዓመታት ያሳለፈው በእርሻ ነው። በግሪንዛኔ መንደር ሹም ሆኖ 17 ዓመት ያህል ያስተዳደረ ሲሆን በሌሪ ባለው በአባቱ ርስት ሩዝ እያስዘራ፥ ቦይ እያስቈፈረ፥ ከውጭ አገር የመጣ ማዳበሪያ እየሞከረ ይሠራ ነበር። ማታ ማታ የሒሳብ መዝገቡን ራሱ ይመረምር እንደ ነበረ ይታወቃል፤ በኋላ የመንግሥትን ገንዘብ ሲይዝ የጠቀመውም ይህ ልማድ ነው። በዚሁ ጊዜ ወደ ፓሪስና ወደ ሎንዶን ሄደ። በሎንዶን ከሁሉ ይልቅ ያስገረመው የምክር ቤቱ ሥራ ነው፤ የንጉሥ ሚኒስትር ተነሥቶ ስለ እያንዳንዱ ወጪ ሲጠየቅና ሲመልስ አየ። መንግሥት በጥያቄ ብዛት የሚዋረድ ሳይሆን የሚጠነክር መሆኑን ከዚያ ተምሮ ተመለሰ።

በ1847 መጨረሻ ከቼዛሬ ባልቦ ጋራ ሆኖ አንድ ጋዜጣ አቋቋመ። በ1848 ማርች 4 ቀን ንጉሥ ካርሎ አልቤርቶ ስታቱቶ የተባለውን ሕገ መንግሥት ለሕዝቡ ሰጠ። በዚህ ሕግ አምስተኛው አንቀጽ የጦር ሠራዊት አዛዥነት፥ ጦርነትን ማወጅ፥ የሰላምና የወዳጅነት ውል ማድረግ የንጉሡ ሥልጣን እንደ ሆነ ተጽፏል። በመጨረሻው ግን በመንግሥት ገንዘብ ላይ ሸክም የሚጥል ወይም የግዛትን ወሰን የሚለውጥ ውል የሁለቱ ምክር ቤቶች ፈቃድ ሳይጨመርበት እንዳይጸና ተወስኗል። ይህች አጭር ቃል ንጉሡን ከሕዝቡ ጋራ ያሰረች ገመድ ናት። ጦር ያለ ገንዘብ አይንቀሳቀስምና፥ ስለ ገንዘብ የሚጠየቅ መንግሥት ስለ ጦርም ሳይጠየቅ አያልፍም። የካቩር ሕይወት ከዚህ ወዲያ በዚች አንቀጽ ዙሪያ የሚዞር ሆነ።

በዚያው ዓመት ፒየሞንት ሎምባርዲያን ከአውስትርያ እጅ ለማስለቀቅ ጦርነት አነሣች፤ በኩስቶዛ ተሸነፈች፥ በ1849 ማርች 23 ቀንም በኖቫራ ፈጽማ ድል ሆነች። ካርሎ አልቤርቶ ዙፋኑን ለልጁ ለቪክቶር ኢማኑኤል 2ኛ ትቶ ተሰደደ። አዲሱ ንጉሥ ግን ሕገ መንግሥቱን አላፈረሰም። ካቩርም በሕግ መምሪያው ምክር ቤት ተመርጦ ገባ፤ በ1850 የእርሻና የንግድ፥ በ1851 የገንዘብ ሚኒስትር፥ በ1852 ኖቬምበር 4 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። የንግድ ውል አደረገ፥ ቀረጥን ቀነሰ፥ ከቶሪኖ እስከ ጄኖቫ የሚደርሰውን የምድር ባቡር አስጨረሰ። ይህ ሁሉ ሲሆን የአገሪቱ ሕዝብ ብዛት አምስት ሚሊዮን ያህል ብቻ ነበረ፤ ከጎኗ ያለችው አውስትርያ ግን ታላቅ የቄሣር መንግሥት ነበረች።

በ1853 መስኮብና ቱርክ ተዋጉ፤ በ1854 ማርች እንግሊዝና ፈረንሳይ ቱርክን ለመርዳት ገቡ፤ ጦራቸውም በክሪሚያ ወርዶ ሴቫስቶፖልን ከበበ። ክረምቱና በሽታው የእንግሊዝን ወታደር ስለ ጨረሰባቸው ሁለቱ ኃያላን ከፒየሞንት ጦር ፈለጉ። ንጉሡ በሙሉ ልቡ ፈቀደ። ሚኒስትሮቹ ግን ተለያዩ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጄኔራል ዳቦርሚዳ፥ አውስትርያ ከስደተኞች ላይ የወሰደችውን ርስት እንድትመልስና ፒየሞንት በሰላሙ ጉባኤ እኩል እንድትቀመጥ አስቀድሞ ካልተጻፈልን አንዋዋልም የሚል ሐሳብ ያዘ። ኃያላኑም ይህን አንጽፍም አሉ። በ1855 ጃንዋሪ 10 ቀን ዳቦርሚዳ ሥራውን ለቀቀ፤ ካቩር የእርሱን ሹመት በራሱ ላይ ደርቦ በዚያው ቀን የመተባበሩን ውል ፈረመ። ንጉሡ እርሱን ሽሮ ሌላ ሰው ሊሾም ተዘጋጅቶ ስለ ነበረ ለመዘግየት ጊዜ አልነበረውም።

ከጥቂት ቀን በኋላ የጦሩ ስምምነት ተጻፈ። ፒየሞንት 15,000 ሰው ልታዘምት፥ እንግሊዝ አንድ ሚሊዮን ፓውንድ ልታበድር፥ ጦርነቱ ከዓመት ካለፈም ሌላ ልትጨምር፥ ወታደሩንም በመርከቧ ልታጓጕዝ ተስማሙ። እዚህ ላይ የካቩር ብልኀት ይታያል። እንግሊዞች ገንዘቡን በስጦታ ቢሰጡ ይቀላቸው ነበር፤ እርሱ ግን ብድር ይሁን አለ። ስጦታ የተቀበለ ጦር እንደ ቅጥረኛ ይቈጠራል፤ በብድር የዘመተ ግን የራሱ ጌታ ነው። ደግሞም ብድር በመንግሥት ገንዘብ ላይ ሸክም ስለ ሆነ በአምስተኛው አንቀጽ መሠረት ውሉ ወደ ምክር ቤቱ መቅረብ ግድ ሆነበት። በስጦታ ቢሆን ኖሮ ከምክር ቤቱ ክርክር ለማምለጥ በር የሚፈልግ ሰው ሰበብ አያጣም ነበር።

በፌብሩዋሪ መጀመሪያ በካሪኛኖ ቤተ መንግሥት የተሰበሰቡት እንደራሴዎች አንድ ሳምንት ያህል ተከራከሩ። ተቃዋሚዎቹ ከግራም ከቀኝም ነበሩ። ከግራ ወገን ጠበቃው አንጀሎ ብሮፌሪዮ ተነሥቶ፥ አውስትርያ ባለፈው ዲሴምበር ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ጋራ መዋዋሏን አስታውሶ፥ በኖቫራ የገደለን ጠላት ወዳጅ ለሆነበት ማኅበር ልጆቻችንን እንዴት እንሰጣለን ሲል አጥብቆ ተቃወመ። ከቀኝ ወገን አሮጌው ሚኒስትር ሶላሮ ዴላ ማርጋሪታ፥ በደል ሳያደርስብን በመስኮብ ላይ መዝመት ጽድቅ አይደለም የሚል ሐሳብ አቀረበ። የጄኖቫ ሰዎችም በጥቍር ባሕር ስላለው የእህል ንግዳቸው ፈሩ። የገንዘቡን ነገር የሚመለከቱት ደግሞ ገና የ1849ን ጦርነት ዕዳ ከፍሎ ያልጨረሰ አገር አዲስ ብድር መግባቱ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው የሚል አሳብ ነበራቸው። ማዚኒም በስደት ሆኖ ዘመቻውን እንደ ግዞት ቈጥሮ ወታደሩ እንዳይሄድ ይጽፍ ነበር።

እነዚህ ነቀፋዎች ባዶ አልነበሩም፤ ካቩርም ባዶ ናቸው አላለም። መልሱ ይህን ይመስላል። ከጦርነቱ ውጭ መቅረት የሚቻለው ለታላላቆች ነው፤ ታናሽ መንግሥት ግን ጎረቤቶቹ ሁሉ ሲሰለፉ ብቻውን ቢቀር በሰላሙ ቀን የሚያስበው የለም። መስኮብ በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ቢያይል የኢጣልያ ንግድ ይጐዳል። ከሁሉም በላይ ኢጣልያውያን በአውሮፓ ፊት የሚታወቁት በሤራና በሁከት ነበረ፤ በሥርዓት የሚዋጋ፥ በሕግ የሚተዳደር ሕዝብ መሆናቸውን በሥራ ማስመስከር ያስፈልጋል። ስለ ትርፉ ግን የተጻፈ ተስፋ አልነበረውምና የሌለውን ተስፋ አላሳየም። ፌብሩዋሪ 10 ቀን ድምፅ ሲሰጥ አንድ መቶ ያህል እንደራሴዎች ደገፉት፥ ስድሳ ያህል ተቃወሙት፤ የሕግ መወሰኛውም ምክር ቤት በማርች ወር መጀመሪያ ፈቀደ።

ያ ወራት ለቶሪኖ የኀዘን ወራት ነበረ። በጃንዋሪ የንጉሡ እናትና ሚስቱ ንግሥቲቱ፥ በፌብሩዋሪም ወንድሙ የጄኖቫ መስፍን ተከታትለው ሞቱ። በዚያው ጊዜ ካቩር ከማስተማር፥ ከመስበክና ሕሙማንን ከመርዳት ውጭ ያሉትን ገዳማት የሚዘጋ፥ ገንዘባቸውንም ለድኾች የአጥቢያ ካህናት የሚያውል ሕግ አቅርቦ ስለ ነበረ፥ ብዙ ሰው ሞቱን የእግዚአብሔር ቍጣ አድርጎ ተመለከተው። ጳጳሳቱ ሕጉ እንዲቀር ብለው መንግሥት የሚፈልገውን ገንዘብ ራሳቸው ሊሰጡ ቢነሡ ንጉሡ ወደዚያ አዘነበለ፤ ካቩርም ሥራውን ለቆ ከጥቂት ቀን በኋላ ተመለሰ። ሕጉ በሜይ ወር ጸና፥ ጳጳሱ ፒዮስ 9ኛም ሕጉን ያወጡትን ሁሉ አወገዘ። ይህን ያህል ቤተ ክርስቲያንን የሚነካ ነገር እንኳ ከውግዘቱ በፊትና በኋላ በምክር ቤቱ ፊት በግልጽ እንደ ተከራከሩበት ማስተዋል ይገባል።

ዘመቻው በኤፕሪል ተጀመረ። የጦር ሚኒስትሩ አልፎንሶ ላ ማርሞራ ሹመቱን ለጄኔራል ዱራንዶ ለቆ ራሱ የጦሩ አለቃ ሆነ። ኤፕሪል 24 ቀን ክሪሰስ የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ የጦሩን ስንቅና የሕክምና ዕቃ እንደ ጫነች ከጄኖቫ ብዙ ሳትርቅ በእሳት ተቃጠለች፤ በባሕሩ ዳር የሚኖሩ ዓሣ አጥማጆችና ሴቶች በታንኳ ወጥተው ብዙ ወታደር አዳኑ። ጦሩ ባላክላቫ እንደ ወረደ ኮሌራ ያዘው። ቤርሳልዬሪ የተባሉትን ወታደሮች ያቋቋመው የአዛዡ ወንድም አሌሳንድሮ ላ ማርሞራ በጁን ወር በዚሁ በሽታ ሞተ። ኦገስት 16 ቀን በቸርናያ ወንዝ መስኮቦች በመጡ ጊዜ ግን የፒየሞንት ወታደር ከፈረንሳዮች ጋራ ሆኖ በጀግንነት መለሳቸው። በጠቅላላው 18,000 ያህል ሰው ዘምቶ ከ2,000 በላይ ሞተ፤ በጦር የሞቱት ጥቂቶች ናቸው፥ የቀሩትን የጨረሳቸው በሽታ ነው። በቶሪኖ ምክር ቤት ፈቃድ የሰጠ ሁሉ ከእነዚህ ሙታን ድርሻ ነበረው፤ ድምፅ ማለት እንዲህ ያለ ሸክም ነው።

በ1856 የሰላም ጉባኤ በፓሪስ ሲደረግ ካቩር ከታላላቆቹ ጋራ ተቀመጠ። ማርች 30 ቀን የተፈረመው ውል ለፒየሞንት አንድ ጋሻ መሬት አልጨመረላትም። ኤፕሪል 8 ቀን ግን የእንግሊዙ ሚኒስትር ክላሬንዶን ስለ ኢጣልያ መከራ ተናገረ፤ የአውስትርያ መልክተኛ በተቀመጠበት ጉባኤ ይህ ጉዳይ መነሣቱ ትልቅ ነገር ነበረ። ካቩር በሜይ ወር ወደ ቶሪኖ ተመልሶ በምክር ቤቱ ቆመና የተገኘውን እንደ ተገኘ፥ ያልተገኘውንም እንዳልተገኘ ዘረዘረ፤ መሬት አመጣሁ አላለም። እንደራሴዎቹም ሥራውን አጸደቁለት። ፈቃድ ጠይቆ የሄደ ሰው ተመልሶ ሒሳቡን ሲሰጥ፥ የአደራ ሥርዓት ማለት ይህ ነው።

ሆኖም ካቩር በዚህ ሥርዓት እስከ መጨረሻው አልጸናም። በ1858 ጁላይ ወር በፕሎምቢየር ከተማ ከናፖሊዮን 3ኛ ጋራ በስውር ተገናኝቶ በአውስትርያ ላይ ስለሚደረገው ጦርነት ተመካከረ፤ ለርዳታው ዋጋ ሳቮያን ሊሰጥ፥ የኒስንም ነገር ለኋላ ሊያቆይ ተነጋገረ። ይህን ምክር ቤቱ አላወቀም። በ1859 ኤፕሪል እንደራሴዎቹ ለንጉሡ ልዩ ሥልጣን ሰጡ፤ ማጄንታና ሶልፌሪኖ ላይ ድል ሆነ፤ ናፖሊዮን ግን ጁላይ 11 ቀን በቪላፍራንካ ከአውስትርያ ጋራ ብቻውን ታረቀ። ካቩር በቍጣ ሥራውን ለቀቀ። በስውር የተዋዋለ ሰው ወዳጁ ቢከዳው በማን ፊት ይከስሳል?

በ1860 ጃንዋሪ ተመልሶ ተሾመና ማርች 24 ቀን ሳቮያንና ኒስን ለፈረንሳይ የሚሰጠውን ውል ፈረመ። ኤፕሪል 12 ቀን የኒስ ተወላጅ ጋሪባልዲ በምክር ቤቱ ተነሥቶ ያችኑ አምስተኛ አንቀጽ ጠቀሰ፤ ምክር ቤቱ ሳይፈቅድ ግዛት አይለወጥም ሲል ካቩርን ወቀሰው። ካቩር በክሪሚያ ጊዜ ጋሻው የነበረችው ቃል አሁን በእርሱ ላይ ጦር ሆነችበት። እንደራሴዎቹ በሜይ ወር ውሉን ቢያጸድቁትም ነገሩ አስቀድሞ ስለ ተፈጸመ ፈቃዳቸው እንደ ሥርዓት ማሟያ ያህል ነበረ። የመሬቱ መሄድ ግድ ነበረ ቢባል እንኳ፥ ጋሪባልዲና ካቩር ከዚያ ቀን ወዲያ ልባቸው አልተገናኘም። በስውር የተደረገ ነገር ጥቅም ቢያመጣም ቂም ሳያተርፍ አይቀርም።

በዚያው ዓመት ጋሪባልዲ ሲሲሊያንና ናፖሊን በያዘ ጊዜ፥ ብዙ ሰዎች ካቩር ምክር ቤቱን ዘግቶ በአዋጅ ብቻ እንዲገዛ ይመክሩት ነበር። እርሱ እምቢ አለ፤ ምክር ቤቱንም ጠርቶ ደቡቡን የማዋሐዱን ነገር አስፈቀደ። ከፕሎምቢየር ስሕተት ምን እንደ ተማረ ከዚህ ይታወቃል። በ1861 ማርች 17 ቀን የኢጣልያ መንግሥት ታወጀ። እርሱ ግን ደስታውን ብዙ አላየውም፤ በንዳድ ታሞ፥ ሐኪሞች ደሙን ደጋግመው አፍስሰው አደከሙት፥ በጁን 6 ቀን በ50 ዓመቱ ዐረፈ። ምንም ውግዘት ቢኖርበት፥ ፍራ ጃኮሞ የተባለው ካህን ሥጋ ወደሙን አቀበለው፤ ካህኑም ስለዚህ ወደ ሮማ ተጠርቶ ከሥልጣኑ ታገደ። ሬሳው በሳንቴና ተቀበረ።

ያ ሕገ መንግሥት ከእርሱ በኋላ ብዙ ዘመን ኖረ፤ አንቀጹ ሳይለወጥ ሰዎቹ ተለወጡ። ሚኒስትሩ ክሪስፒ በአፍሪካ ጦርነቱን ሲያስፋፋ ምክር ቤቱን እየበተነና እያዘገየ ይሠራ ነበር፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የአድዋ ድል በሆነ ጊዜ ግን የሕዝቡ ቍጣ በጥቂት ቀን ውስጥ ከሥልጣኑ አወረደው። በሙሶሊኒ ዘመን ደግሞ ተቃዋሚዎቹ ከምክር ቤቱ ተባርረው ስለ ነበረ፥ በ1928 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ላይ የግፍ ጦርነት ሲነሣ ከወንበሩ ተነሥቶ ለምን ብሎ የሚጠይቅ እንደራሴ አልተገኘም። ከዚያ የተገኘው ትርፍ ለሁለቱም አገር ሕዝብ ደምና እንባ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1948 ጀምሮ በጸናው በሁለተኛው ሕገ መንግሥት ግን የጦርነትን ሁኔታ የሚወስኑት ሁለቱ ምክር ቤቶች ሆነዋል።

እንግዲህ ከካቩር ሕይወት የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። በክሪሚያ ጊዜ በግልጽ ጠየቀ፥ ነቀፋውን ሰማ፥ ተመልሶም ሒሳቡን ሰጠ፤ ስለዚህ 2,000 ሰው የሞተበት ዘመቻ እንኳ ክፍፍል ሳያመጣ የመላው አገር ሥራ ሆኖ ተቈጠረ። በፕሎምቢየር ግን በስውር ተዋዋለ፤ ያገኘው ይበልጥ ቢሆንም የተረፈው ጠብ ነው። ለወዳጅ ጦር የሚልክ ታናሽ መንግሥት ወታደሩን ከመርከቡ ከማሳፈሩ በፊት ወጪውንና ምክንያቱን በተመራጮች ፊት ቢያኖር፥ ቢሳካለት ክብሩ የሁሉ ይሆናል፥ ባይሳካለትም ጉዳቱን የሚካፈለው አያጣም። ያልተጠየቀ ሹም ግን በድሉ ቀን ብዙ ወዳጅ ቢያገኝ፥ በመከራው ቀን ብቻውን ይቆማል።